የግንባር ቀለም

ከችሎት ተልኬ፣ ሰዓት ተሸክሜ፣
በዝሆኗ ጥላ፣ ከበር ንጋት ቆሜ፣
ያየሁትንማ ጠጥቶታል ቀለም፤
የምነግራችሁ ግን መዝገብ ላይ የለም።

ማላርኩዲ ናት፣ ወንዝ የሚዞራት ከተማ፤
አምላኳ በእባብ አልጋ ተጋድሞ ዜማ ሲሰማ
ሁለት ወገን ልጆች አሉት፣ አንድ ስም የሚጠሩ፣
በግንባራቸው ቀለም ብቻ ተለይተው የሚኖሩ።
የሰሜኖቹ ነጭ መስመር ቅንድብ መሃል ታጥፎ ይቀራል፤
የደቡቦቹ አንዲት እግር አውጥቶ ወደ አፍንጫ ይወርዳል።

ያቺ እግር፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣
መቶ አሥራ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ስትረግጥ፣
አያት ከሶ ሞተ፤ ልጅ ይግባኝ አለ፤
የልጅ ልጅ ወረሳት፣ ከዕዳው እየቀላቀለ።
ዝሆኗን እንኳ፣ ኮማላምን፣ አቆሟት ከችሎት፤
«ግንባሯ የማን ነው?» ብለው ተሟገቱባት።
እሷ ጆሮዋን አራገበች። ከዚያ ዓመት ጀምሮ
ሰኞ ለሰሜን ትቀባለች፣ ሐሙስ ለደቡብ፣ በቀጠሮ።

ፍርዱን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ቀድመው ደቡቦች ያዚሙ፤
ሰሜኖች ሃያ ክንድ ርቀው፣ ከንፈር ገጥመው ይቁሙ።
ጠበሉም ለደቡብ መዳፍ ይፍሰስ አስቀድሞ፤
የአምላክ ጫማ የተቀረጸበት ዘውድ ከደቡብ ራስ ይረፍ ደግሞ።
ሰሜኑ አንዲት ቃል ቢያሰማ፣ ቢያመልጠው እንኳ በስህተት፣
አምስት ሺህ ሩፒ መቀጫ።» ሰላም ማለት ይህቺ ናት።
በሁለቱ ሠልፍ መካከል ሰዓት ያዥ ይቆማል፤
እኔ ነኝ። ጸሎት አላውቅም። ደቂቃ መቁጠር ይበቃል።

በማርጋዚ ወር፣ ከጎህ በፊት፣ ደረጃው በጤዛ ርሶ፣
አላሲንጋር ጀመረ፣ የሰባ ስምንት ዓመት ድምፁን ከደረቱ አድሶ።
ስድስት ስንኝ ሄደ። ሰባተኛው ላይ ተሰናከለ።
አፉ ክፍት፣ እጁ አየር ላይ፣ ቃሉ ግን ከነበረበት የለ።
መሪ ዝም ሲል ተከታይ አይቀድምም፤ ይህም በፍርድ የጸና ነው።
ልጆቹ አቀረቀሩ። ካህኑ ጠበሉን ይዞ ጠበቀ፤
አምላክም ጠበቀ። የእኔ ሰዓት ብቻ በዝምታው መሃል ዘለቀ።

አሥራ አንድ ሰከንድ።

ከሃያ ክንድ ወዲያ፣ ከሰሜኖቹ ረድፍ፣
አባቱ በደቡብ ድንጋይ ዓይኑን ያጣው ሼሻድሪ
አንዲት ቃል ጣለ፣ ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ቅጠል እርግፍ።
አላሲንጋር አነሳት። ዞር ሳይል። ዜማው ቀጠለ፤
ጠበሉም በተራው ፈሰሰ፣ ምንም እንዳልሆነ መሰለ።

እኔ ብዕሬን አንስቼ ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ፤
የቃሉን ትርጉም ባላውቀውም ጥፋት መሆኑ ከፋኝ።
«አሥራ አንድ ሰከንድ፤ የዝሆን ጆሮ ድምፅ» ብዬ ጻፍሁ፤
በሃያ ዓመት አገልግሎቴ የመጀመሪያ ውሸቴን አሳረፍሁ።

ዕርቅ ወረደ ብላችሁ ከጠበቃችሁ፣ ተሳስታችኋል።
በማግስቱ አላሲንጋር ራሱ ክስ መሥርቷል፦
«ቃሌን ከአፌ ቀማኝ፤ ልረሳው መብቴ ነበር።
ዝም ማለቴም ከዜማው ነው፤ ዝምታዬ ይከበር።»
ሼሻድሪም መለሰ፦ «አልተናገርሁም። ብናገርም
ቃሉ የአባቴም ነው፤ ከአባት ቤት መውሰድ ስርቆት አይባልም።»

በሐሩር ወር ተጠራሁ። ማልሁ። ዳኛው ወጣት፣ መነጽሩን ወልውሎ፣
«ድምፁ የማን ነበር?» አለኝ፣ ብዕሩን ከወረቀት ነቅሎ።
የችሎቱ ማራገቢያ ቆሟል።
ሼሻድሪን አየሁት፦ ላቡ ነጩን ቀለም አሟሙቶ
አንዲት እግር አብቅሎለታል፣ ወደ አፍንጫው ጎትቶ።
አላሲንጋር ደግሞ በመሐረብ ፊቱን ጠርጎ ኖሮ
እግሯ የለችም፤ መስመሩ ቀርቷል ከቅንድቡ መሃል ታጥሮ።

ማናቸውም አላዩም። በችሎት መስታወት የለም።
«ጌታዬ» አልሁ፣ «መዝገቡን ይዩ፤ የዝሆን ጆሮ ነው ይላል ቀለም።»

ቀጠሮ ተሰጠ። ከዝናቡ በኋላ።