ተገጣጣሚ

ልጄ ቪብከ ደወለች፤ «አባዬ፣ ና ቤት እይልኝ፤
ይህን ዋጋ ያወጣ እንደሁ፣ ግድግዳውን መትተህ ንገረኝ።»
አርባ ዓመት ጡብ የደረደርኩ፣ መዳፌን ሲሚንቶ የበላኝ፣
በመኪና ተጭኖ ስለ መጣ ቤት ምን ዕውቀት አለኝ?
ግን አባት ነኝ። መዶሻዬን ይዤ ሄድኩላት።

ከሌር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ነፋስ ሜዳውን በሚልስበት፣
ስፒሉ ከኮሌታው ገና እንዳልተነቀለለት
አዲስ ሸሚዝ መስሎ፣ ነጭ፣ ቆሞ አገኘሁት።
ሁለት ክረምት ብቻ ነው ሰው የኖረበት።

ሻጩ ትያርክ ይባላል፤ ትከሻው በወጣትነቱ የጎበጠ፤
እጄን ጨበጠና ወፍራም ዶሴ አስጨበጠ።
ክሬኑ በሰዓት ስንት፣ ሦስቱ ከባድ መኪና ስንት፣
ለማዘጋጃ ቤት ማኅተም፣ ለገጣጣሚዎቹ ቁርስ ስንት፤
ፋብሪካ ድረስ ነድቶ የበር እጀታ የመረጠ ዕለት
የፈጀው ቤንዚን እንኳ አልቀረም፤ ሰፍሯል ከነሰዓት።
ከሥር በማስመሪያ ተሰምሮ፣ በቀይ ተጽፎበት፦
አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ዩሮ። ሳንቲም አይጎድልለት።

«በሁለት ቀን ቆመ እኮ!» አለኝ፤ ፊቱ በራ።
«ማክሰኞ ጠዋት ሜዳ፣ ረቡዕ ማታ ጣራ።»
እኔ ዝም። የራሴን ቤት እሑድ እሑድ እየገነባሁ
ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል። ያንን ለማን አወራዋለሁ?

መታሁ። ድምፁ ጥጥ የጎረሰ ከበሮ።
ማዕዘኑን ለካሁ፤ ዘጠና። ሌላውም ዘጠና። ደግሞም ዘጠና። አፈርኩ፤
በዕድሜዬ ስንት ጠማማ ጥግ ነው በልስን የሸፈንኩ!
መጋጠሚያው ላይ ምላጭ ሞከርኩ፤ ምላጩ አልገባ አለኝ።
ግጥሙ እንከን የለውም፤ ብቻ ቤት አልመታልኝ።

ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ መስኮቷ ላይ የፋብሪካው ላስቲክ
እስከ ዛሬ አልተላጠም።
ለማን ታስባ እንደ ነበር ቪብከም እኔም አልጠየቅንም።

መታጠቢያ ቤት፣ ከገንዳው ጠርዝ፣ ሲሊኮኑ ተጣሟል፤
አውራ ጣት እየተንቀጠቀጠ እንዳለፈበት ያስታውቃል።
«እሱን እኔ ነኝ» አለ ትያርክ፣ ጆሮው ቀልቶ።
በቤቱ ሁሉ የሰው እጅ ያየሁት እዚያው ብቻ ነበር።

ሻይ ቀዳልን፤ ክሬሙን ሳናማስል፣ እንደ አገራችን ወግ።
መነጽሬን አወለቅሁ።
«ወንድሜ፣ ወጪና ዋጋ አንድ እናት አልወለደቻቸውም፤
ጎረቤት ናቸው፤ አንዳንዴም ሰላም አይባባሉም።
ክሬኑ ሄዷል፤ ቁርሱ ተበልቷል፤ ማኅተሙ ደርቋል፤
የቤንዚኑ ጭስ በየት በኩል ይሰበሰባል?
መሬቱን በካሬ ልቁጠርልህ፤ መሠረቱ ጥሩ ነው፣ አይቼዋለሁ፤
ከማሞቂያው የሁለት ዓመት ድካሙን እቀንሳለሁ።
ሦስት መቶ አርባ ስድስት ሺህ።»

ዶሴውን ዘጋው። መልሶ ከፈተው። መልሶ ዘጋው።
አሳዘነኝ። እኔም ብሆን አምና ነው ይህን ጽዋ የቀመስኩት፤
የባንኩ ልጅ በአንድ ሰዓት ነበር ቤቴን ገምቶ የጨረሰው፤
ዘጠኝ ዓመት እሑዴን «ለዚህ ሣጥን የለውም» ብሎ ተወው።
ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ግን ሳስበው
ልጁ ልክ ነበር። የከፋኝም ይኸው ነው።

ትያርክ ሦስተኛውን ጠጥቶ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ አቆመ፤
በኛ ዘንድ «በቃኝ» ማለት ነው።
ሻዩን ይሁን ክርክሩን አልለየሁም።
ቪብከ ከጠረጴዛው ሥር ጫማዬን ረገጠችኝ።

«ሃምሳ አድርጉት» አለ በመጨረሻ፣ ወደ መስኮት እያየ።
ልጄ እጇን ዘረጋች፤ እኔ ዝም አልኩ።

መኪናው ውስጥ፣ ቀበቶዋን እያሰረች፣
«ያን ጠማማ ሲሊኮን ትልጥልኛለህ አይደል?» አለች።
«እንዳትነኪው» አልኳት፤
«አራቱ ሺህ የእሱ ነው።»