በሁለት ኬላ መሀል

ዴይራ፣ ከጎማው መደብር በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ኪሾር መዝገቡን ገፋልኝ፤ "ትርፉን ለአራቱ አገር ክፈይ።"
በእንግሊዝኛ ነው ያለው፤ ወደ ቤቴ ቋንቋ ስመልሰው
መክፈል ሁለት ፊት አወጣ፣ አንዱ የሚሰጥ፣ አንዱ የሚቆርስ ሰው።

ዱባይ፣ ማናማ፣ ደማም፣ ሙስካት፤ ለአንድ ኩባንያ አራት ጌታ።
በሦስት ጉልቻ ተጥዶ ይበስላል የያንዳንዱ ፈንታ፦
ንብረት የት ተኛ፣ ደመወዝ የት ወጣ፣ ሽያጭ የት አደረ።
አምና ለሽያጩ እጥፍ ክብደት ሰጡት፤ ማናማ ከሳች፣ ደማም ወፈረ፤
ወጡ ግን ያው ነው፣ ጉልቻው ቢዞርም ጨው አልጨመረ።

መጋዘን ቀላል ነው፤ ግድግዳው ድንበር አይሻገርም።
የማናማዋ ጸሐፊ ቀላል ናት፤ ከወንበሯ አትነሳም፣ አታከራክርም።
ይማም ላይ ስደርስ ነው እስክሪብቶዬ የነጠፈ።
የከሚሴው ይማም፣ ሐምሌ ላይ፣ በከባድ መኪና ጎማ ጭኖ፣
ከዚህኛው ኬላ የመውጫ ማኅተም አስመትቶ አለፈ፤
በዚያኛው ግን ከሰነዱ አንዲት ቁጥር ጎድላ፣
ዘጠኝ ቀን ታግዶ፣ ዘጠኝ ሌሊት ባክኖ፣
በሁለት ባንዲራ መሀል፣ አስፋልቱ ሲፈላ፣
ከመኪናው ሆድ ሥር ተጋድሞ ጥላውን ተከትሎ ዞረ፣
ራሱም እንደ ጥላ።

በማን አገር ዓምድ ይጻፍ የዘጠኝ ቀን ደመወዙ?
ወጪ ሆኖ ወጣ እንጂ ገቢ አልሆነም፤ ይሄ ነው መዘዙ።

ኪሾርን ጠየቅኩት። ከስልኩ ቀና ሳይል፣ ለውዝ እየፈለፈለ፣
"ማንም ያልጠየቀው ገቢ ወደተነሳበት ይመለሳል" አለ።
ደንቡ ነው።
ወደተነሳበት።
ዱባይን ማለቱ ነው፣ ጎማው የተጫነበትን ወደብ፤
እኔ ግን ቦርከናን አሰብኩ፣ ክረምት ሞልቶ ማሳ ሲገባ
ያለ ማኅተም፣ ያለ ገደብ።

እኔስ? በየወሩ መጨረሻ እከፈላለሁ፦
ለቤት ኪራይ፣ ለወንድሜ ጣሪያ፣ ለእቁብ፤
የቀረሁትን እቆጥራለሁ።

ሐሙስ ማታ ይማም ደረጃውን ወጣ፣ ሻሹ አቧራ ለብሶ።
ዘጠኙ ቀን በግማሽ ተቆጥሮ አየው፤
"መጠበቅ ሥራ አይደለም" ይላል ከግርጌው፣ አንቀጽ ተጠቅሶ።
ፈረመ። እስክሪብቶውን ሲመልስልኝ
"ሌላው ግማሽስ?" ብሎ ጠየቀኝ።
አራቱን ዓምድ አየሁ፣ እስከ መጨረሻዋ ፊልስ የገጠመ ድምር።
"ተከፍሏል" አልኩት።
አልዋሸሁም።

ራሱን ነቀነቀ፤ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሳ፤
የሙስካት ጭነት ነበረው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚነሳ።