የለም አለ

ወንዙ አልጋ ይቀይራል፥ እንደ ታመመ ሰው፤
ናቦዲፕ ላይ የአያቴን ጉባኤ በአንድ ክረምት ጎረሰው።
አባቴ ሌላ ሠራ፥ ከፍ ካለው ዳርቻ፣
ጭቃና ቀርከሃ፥ የሣር ክዳን ብቻ።
ጥያቄው ግን ያው ነበር፥ ከጎርፉ የወጣ፣
ከመጻሕፍቱ ቀድሞ ሳይረጥብ የመጣ፦

«እንስራው ከመሬት የተነሣ ዕለት፣
ዐይን ምን ያያል፥ እሱ በነበረበት?»

«‹የለም› አለ» ይላል አባቴ ራሜሽዎር፤
«ይታያል፥ እንደ እንስራው፤ በግምት አይነገር።»
ኒልካንታ ከማዶ፥ በታንኳ ተሻግሮ፣
እርጥብ እግሩን ሳያብስ በሩ ላይ ጀምሮ፣
«መሬት ነው፥ ባዶ መሬት፤ ሌላ ነገር የለም፤
ለሌለ ስም ማውጣት ማወቅ አይደለም።»

ከሚቲላ፥ ከካሺ ተማሪ ይጎርፋል፤
አንዱ ወገን ለይቶ ስሙን ያስጽፋል፤
ሌላው ከዐሥር ዓመት ኋላ ሁለቱንም ጠልቶ
ጨው ነጋዴ ሆነ አሉ፥ ሚዛን ላይ ተገኝቶ።

እኔ ቢንዱ፥ ከጀርባ፥ ከቀርከሃው ግድግዳ፣
በዘጠኝ ዓመቴ መበለት፥ በነጭ ልብስ እንግዳ፣
በስንጥቁ ሰማሁ፥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
አንዱ ሲረታ አንዱ ሲረታ፥ ሳይገኝ ውሉ።
ፍቺው በየክረምቱ በአንድ ቃል ይረዝማል፤
አዲሱም ቃል በተራው «ፍቱኝ!» ሲል ይሰማል።

ሩዙን ሳቀርብለት፥ አንድ ማታ ጠየቅሁት፦
«አባ፥ ይሄ ነገር ወደፊት ይሄዳል?
ወይስ የዘይት መጭመቂያ በሬ ነው፥ ዐይኑን የሸፈኑት?»
ሳቀ። ወደ መብራቱ በአገጩ ጠቁሞ
«ዘይቱንስ ከየት አመጣሽው?» አለኝ።
መልስ መስሎኝ አደርሁ። ሲነጋ ትዝ አለኝ፦
የሰናፍጩን ዘይት፥ ተከራክሬ፥
ከገበያ የገዛሁት እኔ ነኝ።

በጥቅምት ትኩሳት ያዘው። በሦስተኛው ሌሊት ሄደ።
አመዱን ወንዙ ወሰደ።
ምንጣፉ ቀረ።

ኒልካንታ መጣ። እግሩ እርጥብ። በሩ ላይ ቆመ።
ቀዛፊው ከታች ሲጣራ የሰማው አይመስልም።
«ምንጣፍ ነው» አለ፥ «ምንጣፍ ብቻ፤» ድምፁ ደከመ።
ወደ ቦታው ሲያልፍ ግን፥ ባዶ ነው ያለውን ምንጣፍ ዳር ዳሩን
ዞሮ አለፈ፥ እንዳይረግጥ የተጣጠፈ እግሩን።

ተቀመጠ። ሙግቱን ከለመደው ጀመረ፤
አባቴ ሁልጊዜ ከሚያቋርጥበት ቃል ሲደርስ
አቆመ። ጠበቀ።
ከክዳኑ ጠል ይንጠባጠብ ነበረ።

«የለም አለ» አልሁ፥ ከግድግዳው ወዲያ።
ዞር አላለም።
«በምን ታውቂያለሽ?» አለ፥
ድምፁ ደረቅ፥ እንደ ተሟጋች፥ እንደ እኩያ።

መብራቱን አስቀመጥሁ፤ ዘይት ያለው እጄን ጠረግሁ።
ማስረጃ አልነበረኝም።
ገባሁ።