የከፋይ ስም

እስክሪብቶ ጨብጫለሁ፣ መዳፌ ተልጧል፣
መጫኛው ሲሸሸኝ ቆዳዬን ይዞት ሄዷል።
ሰሜን ጎንደር፣ ጃናሞራ፣ የቀበሌው አዳራሽ፣ ሐምሌ አሥራ አንድ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤
ቃለ ጉባኤ ነው፤ ልጻፍ እንደ ደንቡ፣ እንደ ሥርዓት።

አጀንዳ አንድ፦ በቅሎ።
አጀንዳ ሁለት የለም፤ ሕዝቡ የመጣው አንዷን ተከትሎ።

ሦስት ነበሩ ልጆቹ፣ ከጎንደር ከተማ፣
በስስ ሸራ ጫማ፣
ብስኩት በፌስታል፣ አንድ ጃንጥላ ለሦስት፤
መሪ ያዙ ብንላቸው፣ «ስልክ አለ» አሉ፣ «ማን አይቷል ስልክ ሲስት?»
ስልኩስ አልተሳሳተ፤
ጉሙ ነው ከገደሉ ወጥቶ፣ መንገዱን ውጦ፣ እንደ ጠገበ በሬ የተጎለተ።

ሊመሽ ሲል ደወሉ። ናሆም የሚሉት ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ዞሯል፤
ከቧሂት ሥር፣ ከቋጥኝ ወገብ ላይ፤ ባትሪው ሰባት በመቶ፣ ድምፁ ተሰባብሯል።

ሂሳብ የሚል አልነበረም ያን ለት።
ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የአልጋዋን ጠፍር ፈትታ ሰጠችን፣ መጫኛው ቢያጥር ብላ፤
እስካሁን የምትተኛው መሬት።
አዛናው በቅሎውን አመጣ፤ ያለችው እሷው ናት፣
ጨው፣ ገብስ፣ ሕመምተኛ፣ ሙሽራ ያመላለሰች፣ የቤቱ ግማሽ ጉልበት።
ስድስት ሆነን ወጣን፤ ሁለት ባትሪ፣ አንድ ጅራፍ፤
ጅራፉን እያጮህን ጠራነው፣ «ወዬ» የሚል ድምፅ ከጉሙ እስኪተርፍ።

ልጁን በጀርባዋ ጭነን ስንመለስ፣ ከጨነቅ በላይ ካለው መታጠፊያ ላይ
ድንጋዩ ከዳት። ልጁን ብዙ እጅ ቀለበው።
እሷን የያዘ አንድ መጫኛ፣ አንድ እጅ።
ጉሙ ተቀበላት፤ ስትወድቅ እንኳ አልሰማንም፣ ቆመን ከላይ።

እነሆ ዛሬ ጥያቄው፦ ማን ይክፈል?
ፓርኩ «ከወሰኔ ውጭ ነው» አለ። ቱሪዝም «በጀት የለም»።
መንገድ መሪዎቹም «ሳይቀጥሩን ለገቡ አንጠየቅም፣ ለሰው ገደል»።
በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች፤
መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እናቱን ጠራ፤ የእኛዋ ግን ሞተች።

ዋሴ ብድግ አለ፦ «ልጆቹ ይክፈሉ! ሰማኒያ ሺህ ብር!
ሳይዘጋጁ ተራራ መውጣት ጥጋብ ነው፤ ጥጋብ ደግሞ በነፃ አይኑር!»
ተጨበጨበ።

«እሺ» አለች ማንጠግቦሽ፣ «ታሪፍ እንለጥፍ፣ ከፓርኩ በር ላይ፤
ከገደል ማውጫ ይህን ያህል፣ ሌሊት ከሆነ እጥፍ፤ ልጁም ኪሱን ይቁጠር፣ ቋጥኝ ላይ።
ባትሪው ሰባት በመቶ፣ ኪሱ ባዶ፤ ይደውላል ወይስ ዝም ይላል?
ዝም ካለ በማግስቱ የምናወጣው ሬሳ ይሆናል፤
ሬሳ ደግሞ ለማን ይከፍላል?»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ተናገረ።

ከናሆም አምስት መቶ ብር መጥታለች በስልክ፣ «ለውሃ» የሚል ቃል አዝላ፤
አዛናው ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከቶታል፤ አልመለሳት፣ አልበላ።
ተነሣ በመጨረሻ፣ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ።

«ጻፍ» አለኝ። «የበቅሎዋን ጻፍ፤ ዕድሜዋን፣ ዋጋዋን፣ የግንባሯን ቦቃ።
የልጁን አትጻፍ። እሱን ያወጣነው ሰው ስለሆነ ነው፤ በቃ።
ሰው አይተመንም፤ በቅሎ ግን ከገበያ ነው የተገዛች፤
ምስጋና ገብስ አይጭንም። ጽድቁን ሁላችሁም ተካፈላችሁ፤
ዕዳዋ ለምን እኔ ቤት ብቻዋን አደረች?»

ጻፍኩ። ዕድሜ፦ ስምንት። መልክ፦ ዳማ። ግንባር፦ ቦቃ። ዋጋ፦ ሰማኒያ ሺህ ብር።
ከታች አንድ ባዶ መስመር፤ «የከፋይ ስም» ይላል።
ማን ልበል? ልጁን? መንግሥትን? ጉሙን? ወይስ ይኼን መንደር?

መጫኛው በማን እጅ እንደነበረ እስካሁን አልጠየቀኝም ማንም፤
ለቀቅኩት ወይስ አመለጠኝ? ይኼን መዳፌም አያውቅም።

ጉባኤው ተበተነ፤ ዝናቡ አላባራ።
መዝገቡን ልዘጋ ስል፣ እጄን ካሳረፍኩበት፣ ከባዶው ተራ፣
የቁስሌ ውሃ ታትሟል፣ እንደ ጣት አሻራ።