የግራው ወንበር

ፊንታን ጡረታውን በተቀበለ ማግስት
ቀይ መኪና ገዛ፤ ወንበሯ ሁለት።
ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ እንደ ሸሚዝ እጅጌ፣
እሱ የጎረምሳ፣ እኔ የአሮጌ።
ድመት እንኳ አታገኝም ከሥሯ መሸሻ፤
ለመግባት መንበርከክ፣ ለመውጣት ወጌሻ።

የኛ ሰፈር መንገድ በረግረግ ላይ ነው፤
ሥሩ ጥቁር አፈር፣ ደርቆ የሚነደው።
ዓመት በዓመት ያብጣል፣ ዓመት በዓመት ይሰምጣል፤
ትናንት ሜዳ የነበር ዛሬ ማዕበል ያወጣል።
ፊንታን አርባ ዓመት በማሽን ያን አፈር ሲቆርጥ
አጥንቱ ነውጥ ለምዷል፤ ቢንጡት አይደነግጥ።
እኔ ግን አትራክታ፣ በወገቤ ሰሚ፣
ከግራው ወንበር ላይ
የጉድጓድ ቆጣሪ፣ የጉድጓድ ታማሚ።

የኪዮ አጥር በር ላይ ያለችው ጥርሴን ታጋጫለች፤
የድልድዩዋ ሆዴን ከጉሮሮዬ ታገናኛለች።
ከትምህርት ቤቱ ጥግ ላለችው ስም አላወጣሁላትም፤
እሑድ እቆርባለሁና ስድብ አልናገርም።

«ስፖርት መኪና» ይላል፣ «መንገዱን ታነባለች፤
ሳንቲም ብትረግጥ እንኳ በገናው በየት በኩል እንዳለ ታውቃለች።»
«እኔም አውቄዋለሁ» አልኩት፣ «በጅራቴ አጥንት፤
ንባብ ነው ካልከኝማ፣ በኔ ዳሌ ነው ወይ የመንገዱ ጥናት?»

ግን ልዋሽ አልችልም። ከቦዩ እስከ ወፍጮው አዲስ አስፋልት አለ፤
ሁለት ደቂቃ ነው፣ ፊንታን ቀስ ካለ።
ሰኔ ነው፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ፀሐይ ገና አልገባች፤
ነጯ የረግረግ ጥጥ፣ ፈታይ የሌላት፣ ትነቀነቃለች።
ሁለት ደቂቃ ሙሉ ወገቤ እንደሌለኝ ሆነ፤
ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዕድሜዬ በነነ።
ከዚያ ጓ!
አስፋልቱ አለቀ።

ማላኪ ዘንድ ወሰድናት፤ ጋራዡ ከወተት ማኅበሩ ኋላ።
ተንበርክኮ አያት፤ ጎማዋን በጣቱ መታ፤ ሳቀ ከዚያ በኋላ።
«ጎማው ጉንጭ የለውም፤ ሞላውም አጭር ነው፣ ግትር፤
ነፋሱን ቀንሱለት፣ ይበቃል አራት ቁጥር።»
ፍስስ ሲል ጎማው፣ የፊንታን ፊትም አብሮ ተነፈሰ፤
እኔ ትራስ ጨመርኩ፤ ከሥቃዩ አንድ እፍኝ ቀነሰ።
አንድ እፍኝ ብቻ።

በጥቅምት የዓይኑን ሞራ ከተማ ሄዶ አስገፈፈ፤
አንድ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ቁልፉን ወደኔ አሳለፈ።
መሪዋ በቀኝ ነው። ተንበርክኬ ገባሁ፤
ጣሪያዋን አጠፍኩት፤ ብርዱን በጥርሴ ተቀብዬ ነዳሁ።
የኪዮ በር መጣች፤
እጄ ቀድሞ አወቃት፣ ትከሻዬ ላላ፣ እግሬ ፍሬኑን ዳሰሰ፤
ጥርሴ አልተጋጨም። ድልድዩም ላይ ሆዴ ከቦታው አልፈለሰ።
ያው ጎማ፣ ያው ሞላ፣ ያው የማላኪ ነፋስ፤
ለካ መሪ የያዘ፣ ጉድጓዱ ሳይደርስ፣ ቀድሞ ነው የሚደርስ።

ከግራዬ ግን፣
«ወገቤን! አንቺ ሴት! መኪና ናት ወይስ ወንፊት?»
አርባ ዓመት የተናጠው፣ ያ ብረት!
ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። «ታነባለች» አልኩት፤
«በገናው በየት በኩል ነው?»
ዝም አለ። ትራሴን ከጀርባዬ መዝዤ ሰጠሁት።

ከዚያ የትምህርት ቤቱ ጥግ።
ስም ያላወጣሁላት አፏን ከፍታ፣ ዝናብ ጠጥታ።
ሁለት ክረምት ሙሉ ቆጥሬላት ነበር።
እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር ወይስ ነዳጁ ላይ፣
እሱን ለማላኪም አልነገርኩ።
ፊንታን ያለችውን አንዲት ዓይን ጨፈነ፤
ጉልበቴን ጨበጠ፤
ስም አወጣላት፣ ጮክ ብሎ፤
ከረግረጉ ሁለት ዳክዬዎች ተነሡ።