ሃያ መስመር ደብተር

ኅዳር ላይ፣ ቅዳሜ፣ ቡሬ ገና ሳትሞቅ፣
ደብተር በብብቴ፣ ወጣሁ ሰው ልጠይቅ።
ሃያ መስመር አሰመርሁ፣ ትናንት ማታ በኩራዝ፣
ለሃያ ቤተሰብ፣ ስም ከነስልኩ እንዲያዝ።
ዘጠኝ ልጆች አሉን፣ ሁለት ፊሽካ፣ አንድ ገመድ፣
አንድ የተጣፈ ድንኳን፣ ነፋስ ሲያይ የሚያብድ፤
አሰልጣኝ የሚሉኝ እኔ፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣
የሰው ደብዳቤ ሳደርስ የኖርሁ፣ ዛሬ የራሴ መልእክተኛ።

መጀመሪያ እማዋይሽ ቤት። ከአጥሩ እስከ ደጃፉ
በርበሬው ተሰጥቷል፤ ያስነጥሳል ማለፉ።
«ስካውት» አልኋት። «ምንድን ነው? የሚበላ ነው የሚለበስ?»
«ቋጠሮ፣ ካርታ ማንበብ፣ ለወደቀ ሰው መድረስ።»
«አበል አለው?» «የለውም።» «ምሳስ?» «ቆሎ፣ ከየቤቱ።»
«ጋሽ አንዳርጌ፣ ፀሐዩ ሳይከር ይሂዱ፣ አይልፉ በከንቱ።»

ስሜነህ ከባጃጁ ሥር፣ እግሩ ብቻ ይታያል፤
«ከየትኛው ፓርቲ ነው?» ይላል፣ መፍቻውን ያቃጭላል።
«ከየትኛውም።» «ታዲያ ማን ነው ከኋላው?»
«ከኋላው ዘጠኝ ልጆች፣ ከፊቱ እኔ፤ ከየት ይምጣ ሌላ ሰው?»
እግሩ ዝም አለ። ዘይት ጠብ አለ።
ደብተሬ እንደ ባዶ ሣጥን ቀለለ።

መምህር ጥሩሰው ደግሞ፣ «ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛ ናት፣
በዱር በገደል ስትዞር፣ ማን ይፈተንላት?»
እውነታቸውን ነው። መልሱ የመጣልኝ ከአጥሩ ወጥቼ፣
እንደ ዘገየ ደብዳቤ፣ ባለቤቱን አጥቼ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ፊቱን አጠቆረ።
ኅዳር ላይ ዝናብ! ማን ጠራው? ከማን ጋር ቀጠረ?
የእማዋይሽ ጩኸት፣ ከላይ ሰፈር ተሰማ፤
ዓመት የለፋችበት፣ መሬት ላይ እንደ ሸማ።
እኔ ስሮጥ (ሩጫ ካሉት) በበትሬ ስንፏቀቅ፣
ዘጠኙ ቀድመውኛል፤ ማንም ሳያዝ፣ ማንም ሳይጠይቅ።
ባንችአምላክ ሰሌኑን ትጠቀልላለች ከዳር፣
እንየው ጆንያ ይዘረጋል፣ ቢተው ያፍሳል በባርኔጣው ጭምር።
ድንኳኑንም አምጥተው፣ ያንን የተጣፈ ድንኳን፣
በቀረው ላይ ወጠሩት፣ በዚያችው በአንድ ገመዳችን።
የባንችአምላክ ቋጠሮ፣ ነፋሱ ቢጎትት፣ ቢያብድ፣
አልላላም። ሦስት ቅዳሜ፣ በወንበር እግር ሲማር የከረመ ገመድ!

ጥቂት ራሰ፤ አልዋሽም። አንድ ቁና ያህል ሄደ፤
ጎርፉም በአጥሩ ሥር፣ ቀይ ሆኖ ወረደ።
ዘጠኙ ሲያስነጥሱ፣ ዓይናቸው ደም መስሎ፣
እማዋይሽ ወጣች፣ በሁለት እጇ ሙሉ ቆሎ።
«ይጻፉኝ» አለች፤ «ልጄንም፣ እኔንም።
ተራራ አልወጣም፣ ካርታም አላነብም፤
መርፌ ግን አለኝ፣ የድንኳኑን ቀዳዳ እጥፋለሁ፤
ቆሎውንም ያው፣ በየሳምንቱ እቆላለሁ።»
ስሟን ጻፍሁ። በርበሬ የነካው ጣቴ፣ በገጹ ዳር
ቀይ አሻራ ተወ፣ እንደ ፖስታ ማኅተም፣ እንደ ቴምብር።

ማታ ስሜነህ መጣ፤ ፊቱን ያየሁት ያኔ ነው።
«ባጃጅ አለኝ» አለ፤ «ለመሆኑ ያንን ድንኳን የሚሸከመው ማነው?»
መምህር ጥሩሰው እንደ ዘጉ ናቸው። ይሁን፣ አልፈርድም፤
ልጃቸው ግን ስናልፍ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ማየቷን አልተወችም።

እንግዲህ ሁለት ስም ሞላ፤ አሥራ ስምንቱ ባዶ መስመር፣
የቡሬ ሰው፣ የአንተ ነው፤ አበል የለውም፣ ደግሜ ልናገር።
ልጅ የሌለውም ይምጣ፤ ቁስል የሚያስር፣ ኮከብ የሚለይ፣
ወይ ልጅ ሲያወራ ቁጭ ብሎ የሚሰማ፤ እሱ ነው የጠፋው፣ ከሁሉም በላይ።
ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ፣
ገመድ ያለው በገመዱ፣ የሌለው በባዶ እጁ ይግባ።

ድንኳኑ ታጥቦም አልለቀቀው፣ በርበሬ በርበሬ ይላል፤
አጎንብሶ የገባ ልጅ፣ ሦስቴ ያስነጥሳል፤
የቀሩት በአንድ ድምፅ፣ «ይማርህ!» ይሉታል።
እኔም ከውጭ፣ በርጩማዬ ላይ፣ «ይማር» እላለሁ ቀስ ብዬ፤
ከመምህር ጥሩሰው በር ያልደረሰችው፣ ይህችው ነበረች ደብዳቤዬ።