ያጠረ ቃል

ከደብረ ብርሃን ወጣን፣ ውርጩ ሳይለቅ ገና፤
ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን፣ አለፍነው በመብራት፣ በዝግታ፣ በልመና።
መዘዞን፣ ባሽን አልፈን ሞላሌ ስንገባ፣
ፀሐይ ተቀበለን፤ ብርዱም አብሮን ገባ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የቀን አበል አለኝ።
አፌን ተከራይተው ከሾፌሩ ጎን ያስቀመጡኝ ሰው ነኝ።

እንግዶቹ ስድስት ናቸው፣ ከባሕር ማዶ የመጡ፣
ቤተ ክርስቲያናቸው “ዐሥር ቀን አገልግሉ” ብሎ መርቋቸው የወጡ፤
ሁለት ሣጥን መነጽር፣ አንድ ካርቶን ብስኩት፣
አንድ ወረቀት ደግሞ፣ ጥያቄ በተራ ቁጥር የጻፉበት።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ፣ ከጥዱ ሥር፣ ሰው ተሰልፏል፤
ከፊት አንድ ሽማግሌ፣ ባና እስከ አገጫቸው ስበው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።
“አያ እንግዳወርቅ ይባላሉ” አለኝ የቀበሌው ጸሐፊ፣
“ጓሳው መች እንዲታጨድ፣ መች እንዲዘጋ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤
ሰባት ደም አድርቀዋል፤ እስከ ግሼ ድረስ ይሰማል ዳኝነታቸው።”

“ስማቸው ምን ማለት ነው?” አለች ሊዝቤት፣ እስክሪብቶ መዝዛ።
“እንግዳ ወርቅ ነው” አልኳት። ጻፈችው፣ ጉልበቷ ላይ ደብተር ይዛ።

የወረቀቱ አንደኛ ጥያቄ፣ “ስለ ፈጣሪ ሰምተው ያውቃሉ?” ይላል፤
ከኋላቸው የደብሩ ጉልላት ፀሐይ መትቶት ያበራል።
ዘለልኩት። ሰው ያፍራል።

ሊዝቤት ተንበርክካ መነጽር አጠለቀችላቸው፤
አንዱ በዛ፣ አንዱ አነሰ፣ ሦስተኛው ልክ መጣላቸው።
መጀመሪያ መዳፋቸውን አዩ፣ ገልብጠው፣ ደግመው፤
ቀጥሎ የጓሳውን ጋራ፤
ቀጥሎ የሷን ፊት፣ ብዙ ጊዜ፣ ነገር እንደሚመረምር ሰው፣ ዝም ብለው።

“ልጄ፣ እግዜር የዐይን ብርሃን አይንሳሽ፣ ደግ አድርገሻል፤
ግን ይህን ሁሉ አገር አቋርጠሽ የሰው አባት ስትጠይቂ ውለሻል፤
ያንቺንስ ለማን ትተሽ መጥተሻል?”

ጉሙ ውስጥ ነግራኝ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት፣ ጣርማ በር።
አባቷ በአረጋውያን ቤት፣ ብቻውን፣ ሲሞት፣
እሷ ሌላ አገር፣ ሌላ ሽማግሌ በማንኪያ ታበላ ነበር።

ዋጥኩት።
“ያመሰግኑሻል” አልኳት።
ፈገግ አለች።

አያ እንግዳወርቅ ፈገግ አላሉም። መነጽሩን ወደ እኔ አዞሩ፤
“አንተ ልጅ” አሉኝ፣ ድምፅ ሳይጨምሩ፣
“አርባ ዓመት ምስክር ሰምቻለሁ፤ እውነተኛውም ሐሰተኛውም ፊቴ ወጣ፤
የኔ ቃል ክንድ ነበር፣ ያንተ ስንዝር መጣ፤
የቀረው የት ገባ? ውጠኸው እንደሁ አውጣ።”

“እንዳላሳዝናት ብዬ ነው” አልኳቸው።
“ማዘኑ የሷ ነው፤ ያንተ ማድረስ ነው” አሉኝ እሳቸው።

አደረስኩ። ከነክንዱ።

ሊዝቤት አልተነሣችም። እንደተንበረከከች፣ እጇ ሣጥኑ ላይ እንዳለ፣
“ቀብሩን በስልክ ነው ያየሁት፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ”
የሚል ቃል ከአፏ ወጣ፣ ቀስ እያለ።
ይህንንም ወደ ወዲህ አሻገርኩ፣ ሳልቀንስ።

“እንግዲያው ለቅሶ አልተቀመጠችማ” አሉ።
ባናውን ከትከሻቸው አውርደው ከጥዱ ሥር አነጠፉ፤
አስቀመጧት፤ አጠገቧ ተቀመጡ።
መነጽር ሊቀበል የተሰለፈው ሰው፣ ማንም ሳያዘው፣ በዚያው ተራው፣
አንድ በአንድ መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ “እግዜር ያጥናሽ” አላት፤
የአባቷን ስም እኔን ጠይቆ፣ ምላሱ እንደቻለው ጠራው።

የቡድኑ መሪ፣ ወረቀቱን እንደያዘ፣ “ምን እየሆነ ነው?” አለኝ።
በሱ ቋንቋ ቃል ፈለግሁ። አጣሁ።
“ይቆዩ” አልኩት፤ ሌላ ምን አለኝ።

ማታ ስንነሣ እጄን ያዙ። “አንተስ የማን ነህ?”
“አባቴ ሰላ ድንጋይ ነው” አልኳቸው።
“ከመንገድህ ሩቅ አይደለማ። መቼ አየኸው?”
“በቅርቡ” አልኩ።
አጠረ።
በመነጽሩ አናት አሻግረው አዩኝ፤
ደግመውም አልጠየቁኝ።